ግሪሳ ነው ወይስ ቃራሚ? በፎገራ የሩዝ ማሳ ላይ የሚያርፈው እንግዳ ወፍ

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ውኃው ከማሳው መሸሽ ሲጀምር፣ በመንጋ ተነሥተው በአንድነት የሚታጠፉ ቡናማ ወፎች ይታያሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው መንጋው ግሪሳ ሊመስል ይችላል። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት «ግሪሳ ገባ» ብሎ ከማመልከት፣ ይልቁንም ኬሚካል ከመርጨት በፊት ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። መንጋው በእንግሊዝኛ ስሙ ሩፍ የሚባለው፣ ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጣው የውኃ ዳር ወፍ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ግሪሳ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም የሆነ ትንሽ ወፍ ነው፤ የሩዙ ወይም የማሽላው ዛላ ላይ ተንጠልጥሎ ፍሬውን ይፈለፍላል። ሩፍ ግን እግረ ረጅም ነው። አንገቱ ዘለግ፣ ራሱ አነስ ያለ ሲሆን ምንቃሩ ቀጭንና ጫፉ ላይ በጥቂቱ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ዛላ ላይ አይወጣም፤ ጭቃውንና ቃርሚያውን እየተራመደ ይለቅማል። የጀርባው ላባ መሀሉ ጠቆር፣ ጠርዙ ነጣ ያለ በመሆኑ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ሲበር ደግሞ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ሞላላ ምልክቶች ይታያሉ። እነዚህን ያየ ሰው ከግሪሳ ጋር አያምታታውም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ወንዱ 180 ግራም ገደማ ሲመዝን ሴቷ 110 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነች፣ በአንድ መንጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወፍ ያለ ይመስላል። ወንዱ በመራቢያ አገሩ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጎፈር ያለ ላባ አብቅሎ ከሌሎች ወንዶች ጋር በአንድ ሜዳ ላይ ይፎካከራል፤ እንቁላሉን የምትታቀፈውና ጫጩት የምታሳድገው ግን ሴቷ ብቻዋን ናት። ያ ጌጥ ወደ እኛ ሲመጣ የለም፤ ረግፏል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ከነሐሴ ጀምሮ ሲሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳል። ምግቡ ትል፣ ነፍሳትና እጭ ነው፤ በበጋ ደግሞ የወደቀ እህል ይጨምርበታል። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ወንዝ ዳርቻ አዲስ የተዘራ ሩዝ ስለሚለቅም ገበሬው ያማርረዋል። በፎገራ ግን ዋናው ሩዝ በሰኔና በሐምሌ ሲዘራ ወፉ ገና ሰሜን ነው፤ አጨዳው ሲጀምር የሚያገኘውም መሬት ላይ የረገፈውን ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በበጋ በመስኖ ሩዝ በሚበትን ገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ለዚያም ዘሩን በአፈር መሸፈንና እስኪበቅል ጠባቂ ማቆም ይበቃል።

መርዝ የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው ኬሚካል ወፍ አይመርጥም። በመርዝ የተለወሰ እህል ማሳ ላይ መበተን ደግሞ ዶሮንም፣ የሞተውን ወፍ የሚበላ ውሻንም ይጎዳል። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩራሺያ ስደተኛ የውኃ ወፎች ጥበቃ ስምምነት አባል ናት፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

የወረዳ ኃላፊዎች ሊያዩት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። የሸሽርና የወላላ ረግረጋማ ቦታዎች ውኃቸው እየተንጣፈፈ፣ ዳርቻቸው እየታረሰ ጠበዋል። ረግረጉ ሲጠብ ወፉ ምግቡን ማሳ ላይ መፈለጉ አይቀርም።

መንጋ ያየ አርሶ አደር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሲያመለክት ሦስት ነገር ቢናገር ይጠቅማል፦ ወፉ ዛላ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ፣ ምንቃሩ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን፣ ሰብሉ ቆሟል ወይስ ታጭዷል። ስልክ ያለው ፎቶ ቢያነሣ ደግሞ የተሻለ ነው። ግሪሳ ከሆነ በቶሎ ለወረዳው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ሩፍ ከሆነ ግን ቃርሚያውን ለቅሞ ይሄዳል።