ቤትን ከግብር ዕዳ ስለ ማዳን

ቤት ማለት እንጨትና ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ አባትና እናት የደከሙበት፥ ልጆች ያደጉበት፥ ሽማግሌዎችም የሚያርፉበት የቤተ ሰብ መሠረት ነው። ስለዚህ ቤቱን ከእሳትና ከሌባ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ባልተከፈተ ደብዳቤ ውስጥ ተቀምጦ ቤትን የሚወስድ ሌላ ጠላት መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይኸውም ሳይከፈል የቀረ የቤት ግብር ነው። በአሜሪካ አገር ቤት ገዝተው የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች ያሏቸው አንባቢዎቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ በዚያ አገር ያለውን ሥርዓት ዛሬ በዚህ ገጽ ልንገልጽ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሚኒሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ ወይዘሮ ጀራልዲን ታይለር የሚባሉ እመቤት በ1999 ዓመት አንዲት መኖሪያ ገዝተው ከዐሥር ዓመት በላይ ብቻቸውን ኖሩባት። በ2010 ዓመት ግን እርሳቸውና ቤተ ሰባቸው ተማክረው ለደኅንነታቸው ወደሚሻል ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ። ቤቲቱ ባዶዋን ስትቀር ግብሯን የከፈለ ሰው አልነበረም። በ2015 ዓመት ያልተከፈለው ግብር 2,300 ዶላር ያህል ሲሆን፥ ወለዱና መቀጫው 13,000 ዶላር ያህል ሆኖ ተገኘ። የአውራጃውም አስተዳደር ቤቲቱን ወስዶ በ40,000 ዶላር ሸጠና ከዕዳው የተረፈውን 25,000 ዶላር ለራሱ አስቀረ።

ወይዘሮ ታይለር ግን ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱ በግንቦት 25 ቀን 2023 ሲሰጥ ዕድሜያቸው 94 ዓመት ነበረ። ዳኞቹ በሙሉ በአንድ ቃል ተስማምተው፥ መንግሥት ዕዳውን ይወስዳል እንጂ ትርፉን ያለ ካሣ ሊያስቀር አይገባውም አሉ። ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስም የነገሩን ሥር በ1215 ዓመት በእንግሊዝ አገር እስከ ተጻፈው እስከ ማግና ካርታ ድረስ ቈጥረው አሳዩ። ይህ ለፍትሕ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፍርዱ የትርፉን ገንዘብ የመጠየቅ መብት አጸና እንጂ ቤቱን አልመለሰም። ስለዚህ ቤትን የሚያድነው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሆን አስቀድሞ መጠንቀቅ መሆኑን እንረዳለን።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የቤት ግብር በጊዜው ካልተከፈለ ዕዳው በቤቱ ላይ ይጻፋል፤ ቤቱም ለዕዳው መያዣ ይሆናል። ይህም መያዣ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ለቤት መግዣ ካበደረው ገንዘብ እንኳ ይቀድማል። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለልጁ ሊያወርስ ቢፈልግ ዕዳው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት ደግሞ የአውራጃው አስተዳደር ዕዳውን በጨረታ ያወጣዋል። በጨረታው ያሸነፈው ባለገንዘብ ግብሩን ከፍሎ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። በዚያው ቀን ቤቱ የርሱ አይሆንም፤ ነገር ግን ሕጉ የወሰነው ጊዜ ካለፈ በኋላ ባለቤቱን በፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል። የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱና ከነወጪው ከፍሎ ቤቱን ማስለቀቅ ይችላል። በዘገየ ቍጥር ግን ወለዱ ይበዛል፥ የጠበቃም ዋጋ ይጨመርበታል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

እንግዲህ ይህ ዕዳ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ ሳያፍርና ሳይደነግጥ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄዶ፥ ቤቱን ለማስለቀቅ እስከ ስንት ቀን ስንት ገንዘብ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይጠይቅ። ቀጥሎም የቤቱ ግምት ትክክል መሆኑን፥ ለሽማግሌዎች ወይም በቤቱ ለሚኖር ባለቤት የተፈቀደ ቅናሽ ካለም እንዳልተዘለለ ይመርምር። ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየጊዜው ለመክፈል ይፈቀድለት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ከከፈለ በኋላ ደረሰኙን ብቻ ይዞ አይመለስ፤ መያዣው ከመዝገብ መሰረዙን አይቶ ያረጋግጥ። ክስ ተጀምሮ እንደ ሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ጠበቃ ያማክር። እኔ ዕዳህን እከፍልልሃለሁ፥ አንተ ግን እዚህ ላይ ፈርምልኝ ብሎ ከሚመጣ እንግዳ ሰው ይጠንቀቅ፤ በዚያ ፊርማ ቤቱ ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላልና።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ የቤተ ሰብ ምክር ነው። የቤቱ መግዣ ብድር ሳይጨረስ ባንኩ ከወር ክፍያው ላይ ቀንሶ ግብሩን ይከፍል የነበረ እንደ ሆነ፥ ብድሩ ሲያልቅ ግዴታው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። አባት ሲሞት፥ እናት ወደ ልጇ ቤት ስትዛወር፥ ወይም ባለቤቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ደብዳቤው ሰው በሌለበት ደጃፍ ይወድቃል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ግብሩን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በስም ይወስን፤ አዲሱንም አድራሻ ለመሥሪያ ቤቱ ያስታውቅ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን በባሕር ማዶ ካሉት ልጆቻችሁ ጋራ ስትነጋገሩ ስለ ጤናቸውና ስለ ሥራቸው እንደምትጠይቁ ሁሉ፥ የቤቱ ግብር ተከፍሏልን ብላችሁ መጠየቅንም አትርሱ። ይህች አጭር ጥያቄ ብዙ ዘመን የተደከመበትን ቤት ታድናለች።