ባትሪን በፖስታ ስለ መላክ

ባትሪ በውስጡ የተከማቸውን ኬሚካዊ ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል ለውጦ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ፣ የሰዓትና የስልክ ባትሪ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። ባትሪ ከታሸገ በኋላም ኀይሉ ከእርሱ አይለይም። ስለዚህ በፖስታ ሊልከው የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይገባዋል።

ማንኛውም ባትሪ አዎንታዊና አሉታዊ የሚባሉ ሁለት ዋልታዎች አሉት። ሁለቱ ዋልታዎች በቁልፍ፣ በሳንቲም ወይም በሌላ ብረት ከተገናኙ ኤሌክትሪኩ ምንም ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ ይፈስሳል፤ በዚህም ምክንያት ባትሪው ይግላል። በተለይ ሊቲየም ያለበት ባትሪ ከመጠን በላይ ሲግል አደጋው የከፋ ነው። ይኸውም ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን ኬሚካሎች ያነሣሣል፤ ኬሚካሎቹም በበኩላቸው ሌላ ሙቀት ይፈጥራሉ። በመጨረሻም ባትሪው ተቀጣጥሎ እሳቱ አጠገቡ ወዳለው ባትሪ ይዛመታል።

ይህ አደጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) በዱባይ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ወደ ጀርመን አገር ለመብረር ከተነሣ በኋላ፣ ብዙ የሊቲየም ባትሪዎች በነበሩበት ጭነት ላይ እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከባትሪ ጭነቶቹ መካከል ቢያንስ ሦስቱ በአደገኛ ዕቃነት መመዝገብ ሲገባቸው እንዳልተመዘገቡ በምርመራው ታውቋል።

እንግዲህ ባትሪ የሚላከው እንደሚከተለው ተዘጋጅቶ ነው። በመጀመሪያ ባትሪው ይመረመራል፤ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ፈጽሞ አይላክም። ቀጥሎም ዋልታዎቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ማጣበቂያ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናስትሮ በሚሉት፣ ይሸፈናሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ባትሪ ለየብቻው በፕላስቲክ ከረጢት ይደረጋል። ከረጢቶቹም እንዳይንቀሳቀሱ ዙሪያቸው በወረቀት ተሞልቶ በጠንካራ ካርቶን ይታሸጋሉ። ባትሪው በመሣሪያ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ መሣሪያው መጥፋቱና በጕዞ ላይ በድንገት የማይበራ መሆኑ ይረጋገጣል።

ወደ ውጭ አገር ሲላክ ደግሞ ደንቡ ይጠብቃል። በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ብቻውን የታሸገ የሊቲየም ባትሪ በአየር ፖስታ አይላክም። በመሣሪያ ውስጥ የተገጠመው ግን ፖስታ ቤቱ ፈቃድ ያለው ከሆነ ሊላክ ይችላል። ኀይል ተሞልቶ በሚሠራው ዐይነት አንዱ ሴል ከ20 ዋት-ሰዓት፣ ሙሉው ባትሪ ከ100 ዋት-ሰዓት መብለጥ የለበትም። ይህ መጠን ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት በማባዛት ይገኛል። ለምሳሌ 3.7 ቮልትና 4 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት የስልክ ባትሪ 14.8 ዋት-ሰዓት ይይዛል።

ከሁሉም በላይ ላኪው በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በእውነት ማስታወቅ አለበት። ጥቅሉን የሚያነሣው ሠራተኛም ሆነ አውሮፕላኑን የሚያበረው ሰው ካርቶኑን ከፍቶ አያይም፤ ሊጠነቀቅ የሚችለው ላኪው በሰጠው ቃል ብቻ ነው። ስለሆነም ባትሪን ደብቆ መላክ ደንብ መጣስ ብቻ ሳይሆን የማያውቁትን ሰው ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው።