ዝም ያለ ልጅ ያስፈራልን?

የዛሬዋ ቃላችን «ኦቲዝም» ናት። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቧት፤ ኦ - ቲ - ዝ - ም። ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ልጁ ሲጠሩት ላይመልስ ይችላል። ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ ኒውታውን በምትባል ከተማ፣ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ሕፃናትንና 6 ሠራተኞችን በጥይት ገደለ። መምህር ነኝና ይህን ስናገር ይከብደኛል። ወጣቱ ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪሞች ቀደም ብለው ተናግረው ነበር። ታዲያ ብዙ ሰው «ነገሩ ከኦቲዝሙ ነው» አለ።

እውነት ነውን? ብዙዎቹ የቀድሞ ጥናቶች ከወህኒ ቤትና ከሆስፒታል በተገኙ ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ወህኒ ቤት ያለውን ብቻ ቆጥሮ ስለ መንደሩ ሁሉ መናገር እኮ አይቻልም! በስዊድን አገር፣ በስቶክሆልም፣ ተመራማሪዎች ወደ 300,000 የሚጠጉ ወጣቶችን መዝገብ አገላበጡ። ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ታተመ። መጀመሪያ ሲያዩት፣ ኦቲዝም ካለባቸው መካከል በድብደባና በመሳሰለው ወንጀል የተፈረደባቸው ጥቂት በለጥ ያሉ መሰለ። ግን አንዳንዶቹ ሌላም ችግር ነበረባቸው፤ ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥና ከባድ የጠባይ ችግር። ይህ ተለይቶ ሲሰላ ብልጫው ጠፋ።

እንዲያውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከእኩዮቹ ይልቅ በብዛት ይሰደባል፣ ይመታል። ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለና ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ ከሰማችሁ፣ ይህን ራዲዮ ቀንሱለት።