ዘ ኤክስ፦ ጋሽ ጌታቸው የመረጡት የአምስተርዳም ባንድ

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአምስተርዳም የተነሣ የፐንክ ባንድ ነው። አብዛኛውን ሥራውን የማንንም ደጅ ሳይጠና በራሱ እያሳተመ ከአርባ ዓመት በላይ ዘልቋል። የሆላንድ ሰዎች በፖለቲካ ዘፈኖቹ ያውቁታል። ለእኛ ግን የፍቅርና የናፍቆት ዘፈኖቻችንን ይዞ በአውሮፓ መድረኮች የዞረ ባንድ ነው።

ባንዱ በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ በየከተማው ተጫወተ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የሚጫወቱትን ጌታቸው መኩሪያን ወደ ሆላንድ ጋበዘ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የመጣው ከጋሽ ጌታቸው ነው፤ ለቀጣዩ አልበማቸው አጃቢ እንዲሆኑ የመረጡት እነዚህን ፐንኮች ነበር። አልበሙ «ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ።

የኢትዮጵያን ዘፈን የሚጫወቱ የውጭ ባንዶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ያለሰልሱታል። ዘ ኤክስ አላለሰለሰውም። ዜማችን በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚሄድ ከሥሩ ኮርድ ሲደራረብበት መልኩን ያጣል። የባንዱ ጊታሪስቶች ተሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ደግሞ ጊታራቸውን እንደ ከበሮ ይመቱታል እንጂ ኮርድ አያበዙም። ካተሪና ቦርነፌልድ ድራሙን አጥብቃ ትይዛለች። ዜማው እንግዲህ ለሳክስፎኑ ይለቀቅለት ነበር። ጋሽ ጌታቸው የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ካባ ደርበው መሐል ይቆሙ ነበር፤ ድምፁን እያንቀጠቀጡ ሲያወጡት «ስትሄድ ስከተላት» የተሰኘው የፍቅር ዜማ ልመናም ፉከራም ይሆን ነበር። ናፍቆትን እንዲህ በቁጣ የተጫወተ ሌላ ባንድ አላውቅም።

ተሪ ሄሰልስ ተርፕ በተባለው አሳታሚው በኩል ሮተርዳም ትኖር የነበረችውን ኤርትራዊት ክራር ደርዳሪና ድምፃዊት ፀሐይቱ ባራኺንም አሳትሟል፤ «ሰላም» የተባለው አልበሟ በ2004 ወጥቷል። ከአገሯ ርቃ ለኖረች ድምፃዊት ይህ ትልቅ ውለታ ነበር።

ዘ ኤክስና ጋሽ ጌታቸው በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን አስከተሉ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አረፉ። ባንዱን የማታውቁ፣ መጀመሪያ «ሞዓ አንበሳ»ን አድምጡ፤ ድምፁን ከፍ አድርጉት።