ከስንቁ ጋር የልጁም ልብ ይታሰብ

የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ ልጆቻችን ጥቂት ነጥቦችን ልናነሣ ወደድን።

ልደት የሕፃን በዓል ነው። በበረት የተወለደው ሕፃን ግን እንደ ሰው ልጅ ሁሉ በየጥቂቱ አድጓል። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚተርክልን፣ 12 ዓመት በሞላው ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በመልሱ ጉዞ ወላጆቹ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዘመድ መካከል ፈልገው ስላጡት ተመለሱ፤ ከሦስት ቀን በኋላም በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። የታሪኩን ምሥጢር ለሊቃውንቱ ትተን፣ ለወላጅ የሚሰጠውን ትምህርት ብቻ ብንወስድ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ «ከሰው ጋር ነው» ተብሎ የሚተው እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይህ ትምህርት ለሰሜን ሸዋ ወላጆች ቅርብ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ታየ በተባለው ብርሃን ምክንያት በቆረቆሯት በደብረ ብርሃንም ሆነ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በአንኮበር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚከታተሉ በርካታ የገጠር ልጆች ከወላጅ ርቀው ይኖራሉ። ሁለትና ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ በሶውና ቆሎው በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤት ይመጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሚያንዘፈዝፍበት ሌሊት ልጁ ራሱ አብስሎ፣ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አጥንቶ ያድራል።

ከቤት ርቆ መማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ስንት አገር አቋርጧል። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪ የኔታ ነበሩት። የት እንዳደረ፣ ምን እንደቀመሰ፣ ታሞ እንደሆነ የሚያውቁ አባትም መምህርም እርሳቸው ነበሩ። የዛሬው ተማሪ ግን ከቀትር በፊት የመምህሩ፣ በበዓል ቀን የወላጁ ሲሆን፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ የማንም አይደለም። ወላጅ «ትምህርት ቤቱ አለ» ይላል፤ ትምህርት ቤቱም «ወላጅ አለው» ይላል። ልጁ የሚጠፋው በዚህ መካከል ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሰባት ልጆች አንዱ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖራል። በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ የሚደረብ ሸክም አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የተፈናቀለው፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ጥቂት አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ደግሞ፣ ከታች ባሉት ተማሪዎች ልብ ያሳደረው ፍርሃት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ መሆኑ ይቅር። ገበሬው በሥራ ቀን እርሻውን ትቶ መምጣት ይቸግረዋል፤ በገበያ ቀን ግን ከተማ መውረዱ አይቀርም። የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባውን በገበያ ቀን ቢያደርግ፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩም ለጥቂት ሰዓት ቢገኝ፣ ስንቅ ያመጣችው እናት ልጇ እንዴት እንደ ሰነበተ ሰምታ ትመለሳለች።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተከራይ ተማሪዎቹን መዝገብ ይያዝ። ማን የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ አከራዩ ማን እንደሆኑ ይታወቅ። ልጁ ሁለት ቀን ቢቀር ወደ አከራዩ ሰው ይላክ። አከራይዋ እማማም ኪራይ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ የአደራ እናት መሆናቸውን አውቀው የኅብረቱ ተካፋይ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄያችን ይለወጥ። ልጁ ለበዓል ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ነው። «እንቅልፍ ይወስድሃል? ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ደረጃውንም ሳይጠይቅ ይሰማል።

ምልክቶቹን ማወቅም ይገባል። ተጫዋች የነበረው ሲዘጋ፣ እንቅልፍና ምግብ ሲጠላ፣ ራሱን ደጋግሞ ሲያመው፣ ከትምህርት ገበታው ሲርቅ፣ «ዕብሪት ነው» ወይም «ስንፍና ነው» ብሎ መቅጣት በሽታውን ማስደበቅ ነው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። መሞትን የሚያነሣ ልጅ ከተገኘም መቆጣት አይገባም። ብቻውን ሳይተዉት፣ በእርጋታ አዳምጠው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ሊወስዱት ይገባል። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪም ከማማከር አያግድም።

በተለይ ስለ ሴቶች ልጆቻችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከገና በኋላ ጥምቀት፣ ከጥምቀት በኋላ የጥር ሠርግ ይከተላል። ለበዓል ብላ ወደ አገሯ የገባች ተማሪ ስለ ራሷ የተቆረጠ ቀን ጠብቋት ወደ ክፍሏ ሳትመለስ የቀረችበት ጊዜ አለ። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ደንግገዋል። ከበዓል በኋላ በመጀመሪያው ቀን ስም ጠርቶ የቀረችውን መፈለግ የመምህሩ፣ «ልጄ ትመለሳለች» ማለት የወላጅ፣ ይህንኑ መምከርም የንስሐ አባትና የሽማግሌ ድርሻ ነው ብለን እናምናለን። በአልዩ አምባና በአካባቢው ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ሼሆችም በዚህ አደራ አብረውን ይቆማሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ሰሞኑን በየቤቱ ዳቦው ሲቆረስ፣ ከከተማ የመጣው ተማሪ በማዕዱ ዙሪያ ይገኛል። ስንቁ ተቋጥሮ ከመሸኘቱ በፊት ወላጆች ጥቂት ሰዓት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ይጫወቱ። የሚነግራቸውንም ይዘው፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የመምህሩን ደጅ ያንኳኩ።

መልካም የልደት በዓል!