ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የቁስል ኢንፌክሽን ትንበያና የ30 ቀን ክትትል

የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን የሚባለው በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የሚታየው ነው። አንጀት በሚከፈትበት፣ ይልቁንም ትርፍ አንጀት ፈንድቶ በሚገኝበት ጊዜ፣ በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ቁስሉ ስለሚደርሱ አደጋው ከፍ ይላል። በ66 አገሮች 12,539 ሕሙማንን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከጨጓራና አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ኢንፌክሽን የደረሰባቸው ሕሙማን ድርሻ ከፍተኛ የሰብአዊ ልማት ደረጃ ባላቸው አገሮች 9.4 በመቶ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ባላቸው ግን 23.2 በመቶ ነበር።

አደጋውን አስቀድሞ ለመገመት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የቀረበው መለኪያ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም የሕመምተኛው አጠቃላይ የጤና ሁኔታ፣ የቁስሉ የብክለት ደረጃ እና ቀዶ ሕክምናው የወሰደው ጊዜ ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ስለሚሰጥ ድምሩ ከ0 እስከ 3 ይሆናል። የኋላ ሞዴሎች እንደ ዕድሜና የስኳር በሽታ ያሉትን ይጨምራሉ። ይሁንና ማንኛውም ሞዴል የሚማረው ከተመዘገበ ውጤት ነው።

ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። እንደ ድል ጮራ ባለ ሪፈራል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በአምስተኛው ቀን ወደ መልካ ጀብዱ የተመለሰ ሕመምተኛ እናስብ። ቁስሉ በአሥረኛው ቀን መግሎ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቢታከምና መረጃው ወደ ሆስፒታሉ ባይመለስ፣ በመዝገብ «ኢንፌክሽን የለም» ተብሎ ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ሕሙማን የ20ዎቹ ቁስል ቢያመረቅዝና 12ቱ በሌላ ቦታ ቢታከሙ፣ ሞዴሉ የሚማረው 20 በመቶን ሳይሆን 8 በመቶን ነው። ከዚህም የከፋው፣ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ተመልሰው የሚመጡት ጥቂቶች ከሆኑ ሞዴሉ ርቀትን እንደ መከላከያ ይቆጥረዋል፤ ይበልጥ ክትትል የሚያሻው ሰው «አደጋው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይሸኛል። መፈተሻው መረጃ ከዚያው መዝገብ የተወሰደ ከሆነ ስሕተቱ በፍተሻም አይጋለጥም።

ስለዚህ «ኢንፌክሽን የለም» እና «አልታወቀም» በመዝገብ ላይ ተለይተው መስፈር አለባቸው። ሕመምተኛውን እስከ 30ኛው ቀን በስልክ መጠየቅ፣ የጤና ጣቢያውን መረጃ ከሆስፒታሉ ካርድ ጋር ማገናኘት፣ ክትትሉ የተቋረጠበትንም ቀን በትንተናው ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል። ከሌላ አገር የተወሰደ መለኪያም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተነበየው አደጋ በአካባቢው በትክክል ከተቆጠረው ጋር ሊመሳከር ይገባል። ውስብስብ ስሌት ከመምረጥ የሚቀድመው፣ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሕመምተኛ ቁስል እንዴት እንደ ዳነ ማወቅ ነው።