ሜሪ ሮዝን ፍለጋ፦ ስለ ውሃ ውስጥ አርኪዮሎጂና ስለ ጀልባ ደኅንነት

ጁላይ 19 ቀን 1545 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከፖርትስመዝ ከተማ ፊት ለፊት በሚገኘው ሶለንት በተባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መርከቦች ከፈረንሳይ የጦር መርከቦች ጋር ተፋጠው ነበር። ንጉሡም ከየብስ ሆኖ ውጊያውን ይመለከት ነበር። ከእንግሊዝ መርከቦች አንዷ የሆነችውና ከ30 ዓመታት በላይ ያገለገለችው ሜሪ ሮዝ አቅጣጫዋን ለመለወጥ ስትዞር ወደ ቀኝ ጎኗ ጋደለች። ለተኩስ ተከፍተው የነበሩት የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ከውሃው ወለል በታች ወረዱ፤ ባሕሩም በእነርሱ በኩል ወደ ውስጥ ጎረፈ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ400 በላይ ሰዎችን እንደያዘች ሰጠመች። ጠላት ዘልሎ እንዳይገባ ተብሎ በላይኛው ወለል ላይ የተወጠረው መረብ ባሕረኞቹ ዘለው እንዳይወጡ ያዛቸው። በሕይወት የተረፉት 35 እንኳ አይሞሉም።

ለዚህ ጽሑፍ ሜሪ ሮዝን የመረጥነው ያለምክንያት አይደለም። መርከቧን ያሰጠማት፣ ከ400 ዓመታት በኋላ እርሷን ፍለጋ የወረዱትን ጠላቂዎች ለአደጋ ያጋለጠውና ዛሬም በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚሻገረውን መንገደኛ የሚገዛው የፈሳሾችና የጋዞች ሕግ አንድ ነው። ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ቅርስም ይፈልጋል፣ ከፍለጋውም በደኅና ይመለሳል።

መርከብ ለምን ይገለበጣል?

በውሃ ላይ የተንሳፈፈ አካል ሁለት ኃይሎች ያርፉበታል። አንደኛው ክብደቱ ሲሆን ከክብደት ማዕከሉ ተነሥቶ ወደ ታች ይስበዋል። ሁለተኛው አርኪሜዲስ የገለጸው፣ ከተፈናቀለው ውሃ ክብደት ጋር እኩል የሆነው ሽቅብ ግፊያ ነው፤ ይህም የሚያርፈው በጠለቀው የመርከቡ ክፍል ማዕከል ላይ ነው። መርከቡ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ናቸው። ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ግን የጠለቀው ክፍል ቅርጹ ይለወጣል፤ የሽቅብ ግፊያው ማዕከልም ወዳጋደለው ጎን ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ግፊያው ያጋደለውን ጎን ከታች ወደ ላይ እየገፋ መርከቡን ይመልሰዋል።

ይህ የሚሆነው ግን የክብደት ማዕከሉ በቂ ያህል ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። ከባድ ነገር ወደ ላይ በተጫነ ቁጥር የመመለሻው ኃይል ክንድ እያጠረ ይሄዳል፤ ከተወሰነ ማዕዘን ካለፈ በኋላም ኃይሉ መርከቡን ከመመለስ ይልቅ ይበልጥ ይገለብጠዋል። ሜሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1536 ገደማ እንደገና ስትሠራ ከባድ መድፎች ተጨምረውባት ነበር። በዚያች ቀን ደግሞ በላይኛው ወለሏ ላይ ብዙ ወታደሮች ቆመዋል። የአደጋው መነሻ የነፋስ ሽውታ ነው፣ የጭነት ብዛት ነው፣ የፈረንሳይ ጥይት ነው በሚል ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክር የማያስነሣው የመስኮቶቹ ነገር ነው፤ ጠላቂዎች በኋላ ሲደርሱባቸው የቀኝ ጎኗ መስኮቶች ክፍት ነበሩ። አንዴ ውሃ ከገባ በኋላ ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በመርከብ ወለል ላይ ልቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ውሃ ሁልጊዜ ወዳጋደለው ጎን ይፈስሳል፤ የክብደት ማዕከሉንም ይዞ ይሄዳል።

የዚህ ዓይነት ጉድለት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1628 ቫሳ የተባለችው የስዊድን መርከብ ከመጓዟ በፊት 30 ባሕረኞች በወለሏ ላይ ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ እንዲፈትኗት ተደርጎ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ መርከቧ እጅግ በመወዛወዟ አድሚራሉ ፈተናውን አስቆመው፤ ጉዞውን ግን አላስቆመውም። ቫሳ በመጀመሪያ ጉዞዋ 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ በስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰጠመች። ፈተናው ትክክለኛ ውጤት ሰጥቶ ነበር፤ የጎደለው ውጤቱን አምኖ የሚቀበል ሰው ነበር።

ፍለጋው

ሜሪ ሮዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 የዓሣ አጥማጆች መሣሪያ ከወለሉ ላይ በነበረ እንጨት ተያዘ፤ የመዳብ ቆብ ያለው የመጥለቂያ ልብስ ከፈለሰፉት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ጆን ዲን ወርዶ መድፎችንና ቀስቶችን አወጣ። ከዚያ በኋላ ቦታው ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1965 አሌክሳንደር ማኪ የተባለ ጸሐፊና ጠላቂ ከአካባቢው የጠላቂዎች ክበብ አባላት ጋር ሆኖ ፍለጋውን እንደገና ጀመረ። ነገር ግን መርከቧ በደለል ተሸፍና ስለነበር የዓይን ፍለጋ ብቻውን የሚበቃ አልነበረም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በሶናር መሣሪያ ከወለሉ በታች የተቀበረ እንግዳ ቅርጽ እንዳለ አመለከተ። ሶናር የድምፅ ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ ይለካል፤ ድምፅ በጭቃና በእንጨት ውስጥ የሚጓዝበት ሁኔታ ስለሚለያይ ደለል የሸፈነውንም ነገር ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጠላቂዎች የመርከቧን እንጨቶች በዓይናቸው አዩ።

የቀበራት ደለል ራሱ ያዳናት መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። በባሕር ውስጥ እንጨትን የሚፈጁት ትሎችና አብዛኞቹ ተሕዋስያን ኦክስጅን ይሻሉ፤ በረቂቅ ደለል ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጭቃው በላይ የቀረው የግራ ጎኗ ተበልቶ ሲጠፋ፣ የተቀበረው የቀኝ ጎኗ ከነዕቃው ቆየ።

ከውሃ በታች መተንፈስ

መርከቧ የተኛችው 14 ሜትር ገደማ በሚሆን ጥልቀት ላይ ነበር። ይህ ጥልቀት ለጠላቂ ብዙ አይባልም፤ አደጋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በ14 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው አየር ጋር ተደምሮ 2.4 አትሞስፌር ይሆናል። ሰው በዚህ ጥልቀት ከውሃው በላይ በተዘረጋ ቱቦ አየር ስቦ መተንፈስ አይችልም፤ የደረቱ ጡንቻዎች ግፊቱን አይቋቋሙትም። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መቆጣጠሪያ ያቃለለው ይህን ችግር ነው፤ ከጋኑ የሚመጣውን የታመቀ አየር በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት ጋር እኩል አድርጎ ለጠላቂው ያቀርባል።

ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 12 ሊትር የሚይዝና በ200 አትሞስፌር የተሞላ ጋን በውሃው ወለል ላይ ቢለቀቅ 2,400 ሊትር አየር ይሰጣል። ጠላቂው በወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ቢሆን በ14 ሜትር ላይ የሚፈጀው 20 በ2.4 ተባዝቶ 48 ሊትር ነው። ለመጠባበቂያ 50 አትሞስፌር ቢያስቀር የሚሠራበት 1,800 ሊትር ይቀረዋል፤ ይህም ለ37 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከደከመ ወይም ከበረደው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሆናል።

የቦይልን ሕግ የተማረ አንባቢ ቀጥሎ ያለውን አደጋ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ከ10 ሜትር ጥልቀት ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ጠላቂ ወለል ላይ ሲደርስ በሳንባው ያለው አየር ይዘቱ እጥፍ ለመሆን ይታገላል። ከ30 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲወጣ ግን ይዘቱ የሚያድገው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሰጋው የጉዞው መጨረሻ፣ ጠላቂው ደኅና ወጣሁ ብሎ የሚዘናጋበት የመጨረሻው 10 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሄንሪ ሕግ ደግሞ ሌላውን አደጋ ይገልጽልናል። በግፊት ሥር ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ጋዙ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ነርቭን ይጎዳል።

በሜሪ ሮዝ ላይ ከ1979 እስከ 1982 በተካሄደው ቁፋሮ ከ27,000 ጊዜ በላይ ጥልቀት ተደርጓል፤ አብዛኞቹ ጠላቂዎች በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሥራው በሥርዓት የተመራ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1980 አንዲት ጠላቂ ሕይወቷን አጥታለች። ቅርስ ፍለጋን እንደ ጨዋታ አድርጎ የሚያቀርብ ፊልም ይህን አያሳይም።

የተገኘው

በማርጋሬት ሩል የተመራው ቁፋሮ በየብስ ላይ ካለው በጥንቃቄ የሚያንስ አልነበረም። ጠላቂው ደለሉን በእጁ ወይም በብሩሽ ቀስ ብሎ ያነሣዋል፤ የተነሣውን ደለል አየር የሚነፋበት ረጅም ቱቦ ይወስድለታል። አየሩ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ እየሰፋ ስለሚሄድ ውሃውንና ጭቃውን ይዞት ይወጣል። የእያንዳንዱ ዕቃ ሥፍራ ቋሚ ከሆኑ ነጥቦች በሜትር ገመድ ይለካል፤ ከሦስት የታወቁ ነጥቦች ያለው ርቀት ከታወቀ የዕቃው ቦታ በጂኦሜትሪ ይገኛል፤ አራተኛው ልኬት ስሕተት ለማጣራት ያገለግላል። ይህ ሁሉ ዓይን አሻግሮ በማያይበት ድፍርስ ውሃ ውስጥ የተሠራ ነው።

ልኬቱ ለምን እንዲህ አስፈለገ? አንድ ማበጠሪያ ከባሕር ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማበጠሪያ ከመሆን አያልፍም። በአንድ ሣጥን ውስጥ ከመርፌ፣ ከቢላና ከዳይስ ጋር መገኘቱ ሲታወቅ ግን የአንድ ባሕረኛ ሀብት ይሆናል። ከሜሪ ሮዝ ከ19,000 በላይ ዕቃዎች ወጥተዋል። ከእነዚህ መካከል 137 ያልተሰበሩ ረጃጅም ቀስቶች፣ ከ3,500 በላይ ፍላጻዎች፣ የሐኪሙ ሣጥን ከነመድኃኒት ዕቃው፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የአንዲት ትንሽ ውሻ አፅም ይገኙበታል። ያን ዘመን የሚያውቁ ሊቃውንት የእንግሊዝን ረጅም ቀስት በአብዛኛው በሥዕልና በጽሑፍ ያውቁት ስለነበር፣ ጉልበቱን በተጨባጭ ማስላት የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 11 ቀን 1982 የመርከቧ አካል በብረት መቃን ታስሮ ከባሕር ወጣ። በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሚሊዮኖች ተመለከቱት። በመካከሉ የመቃኑ አንድ ማዕዘን ከመያዣው ተንሸራቶ ስለወደቀ ተመልካቹ ሁሉ ደንግጦ ነበር። ቀጣዩ ሥራ ከዚህ ይረዝማል። ለዘመናት ውሃ የጠጣ እንጨት በአንድ ጊዜ ቢደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከ1994 እስከ 2013 ደግሞ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ሰም መሰል ኬሚካል ሲረጭ ኖሮ ነው ወደ ማድረቁ የተሻገሩት። ማውጣቱ አንድ ቀን፣ ማቆየቱ ከ30 ዓመታት በላይ ፈጀ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የውሃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ቅርሱን ባለበት ማቆየትን እንደ መጀመሪያ አማራጭ የወሰደው በከንቱ አይደለም። ማቆየት ለማይችል ሰው ማውጣት ማጥፋት ነው።

ወደ እኛ ውሃዎች

ይህ የጥናት ዘርፍ ከእኛ ታሪክ ጋርም ይገናኛል። በቀይ ባሕር፣ በምፅዋ አቅራቢያ ብላክ አሳርካ ከተባለችው ደሴት ዳር የሰጠመ ጥንታዊ የንግድ መርከብ ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1997 ተቆፍሯል። ከዚያ የተገኙት እንስራዎች በአክሱምና በአዱሊስም ከሚገኙት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

በሀገራችን ሐይቆች ለመጥለቅ የሚያስብ ሰው ደግሞ በባሕር ዳርቻ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ እንዳለ ሊቀበለው አይገባም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በላዩ ያለው የአየር ግፊት 0.8 አትሞስፌር ያህል ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ጠቅላላ ግፊቱ 1.8 ገደማ ይሆናል፤ ጠላቂው ወደ 0.8 ሲወጣ ግፊቱ የሚቀንሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በሌላ አነጋገር የጣና 10 ሜትር ለጠላቂው ሰውነት የባሕር 12 ሜትር ነው። ከጠለቀ በኋላ ወዲያው በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ከፍታ የሚወጣም ሰው መውጣቱን ገና አልጨረሰም።

ስለ ጀልባ እናንሣ። የደንገል ታንኳ በውኃ ቢሞላ እንኳ አይሰጥምም፤ የደንገሉ ልብ አየር የታመቀበት ስለሆነ ቀፎው ሳይሆን ራሱ ቁሱ ይንሳፈፋል። የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ግን የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር እስካለ ድረስ ነው። የጣና ማዕበል በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ስለሚበረታ ልምድ ያላቸው ባለጀልባዎች ጠዋት መሄድን ይመርጣሉ። ማዕበል ሲመታ ተሳፋሪው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ብድግ ማለት ነው፤ ይህም የክብደት ማዕከሉን ከፍ ያደርጋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ጀልባው እንደ ሜሪ ሮዝ ጠርዙን ወደ ውሃው ያስጠጋል። ባለበት መቀመጥ፣ ዕቃን ከጣሪያ ላይ ሳይሆን ከወለሉ ላይ ማስቀመጥ፣ የገባውን ውሃ ወዲያው መቅዳት የፊዚክሱ ትእዛዝ ነው። ጀልባው ከተገለበጠ ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ የተንሳፈፈውን ጀልባ ይዞ መቆየት ይሻላል፤ ዳሩ ከሚታየው በላይ ሩቅ ነው፣ ፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ ጀልባን ቀድሞ ያያል።

የሰው አካል እፍግታ ከውሃ እፍግታ ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው። ጥቂት ኪሎግራም የሚመዝን ውሃ የሚያፈናቅል ላይፍ ጃኬት አፍንጫንና አፍን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚበቃው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ከወንበር ሥር የተቀመጠ ላይፍ ጃኬት ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ከወንበሩ ሥር ይቀራል። መታሰር ያለበት ከመነሣት በፊት ነው። ጠላቂ የወረደበትን ቦታ የሚያመለክት ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ቀይ ባንዲራ ያየ ባለጀልባም ሞተሩን ቀንሶ ራቅ ብሎ ማለፍ ይኖርበታል፤ ከታች የሚወጣው ሰው የሚሽከረከረውን ብረት ድምፁን ይሰማል እንጂ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ለመለየት አይችልም፤ ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ሁለቱም ጆሮዎች በአንድ ቅጽበት ይሰሙታልና።